ኮቱ እያለ የሚጠራው ጌም

ባለፈው ሳምንት ሰበታ እህቴ ቤት ሄጄ ሳሎን ቁጭ ብያለሁ። ልጇ ኢምራን ከጀርባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ የሆነ ነገር ያሻል። ምን እንደሚያሽ ሳላይ ሽታው ቀደመኝ። የጥርስ ሳሙና፣ ከጋለ ፕላስቲክ ጋር። ወላሂ የአንገቴ ፀጉር ቆመ። ዘወር ብዬ "ምን እየሠራህ ነው አንተ!" ብዬ ስጮህበት ልጁ ስልኩን ሊጥለው ነበር።

"መስታወቱ ተጫጭሮብኝ ነው አክስቴ። የጥርስ ሳሙና ያጠፋዋል ሲሉኝ…"

"ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚታሸው" አልኩት ሳላስበው።

እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና "ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ" አለችኝ። ምን ልበላት? እሷ ያኔ መርካቶ አክስታችን ጋ ሆና ነበር የምትማረው፤ ያንን ክረምት አላየችውም። እኔ ግን አሥር ዓመት የሞላኝ ቡራዩ ነው፣ ያ ክረምት የገባ ሰሞን። ሽታውም የዚያ ክረምት ሽታ ነው።

እናቴ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ሱቅ ነበራት። ሳሙና፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ጨው፣ ያው የሰፈር ሱቅ የሚይዘውን ሁሉ። ከሱቁ ጎን ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ታላቅ ወንድሜ ሙባረክ አባብሎ ወሰዳትና ጌም ቤት አደረጋት። ጌም ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ በሩ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ ስትገቡ የእርጥብ ካልሲና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይቀበላችኋል። ቀኑን ሙሉ የኳስ ጌም ነው፣ ጩኸት ነው፣ ስድብ ነው። እናቴ ግድግዳውን በቡጢ እየደበደበች "ቀስ በሉ፣ ሰው ጆሮ አለው!" ትላለች።

የኔ ሥራ ሲዲ ማሸት ነበር። ልጆቹ ሲዲውን በቆሻሻ እጅ እየተቀባበሉ ይጭሩታል፤ የተጫጫረ ሲዲ ደግሞ ጨዋታው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሙባረክ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ የጥርስ ሳሙና በጣት ጫፍ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ መድኃኒቱ ነው አለ። እውነትም ያድነዋል። "በክብ አታሺው፣ ከመሃል ወደ ዳር!" እያለ በየቀኑ ይጮህብኛል። "ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች?" የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ "ወንድሟን ታግዛለች፣ ምን ይሁን?" ትላቸውና አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። እኔ እንደሆነ ደስታዬን አልችለውም፤ ሰው ሳይኖር በነፃ እጫወታለኋ።

በዚያ ዘመን ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚመጣ አንድ ካርቱን ነበር። ሞምቢ ይባላል። ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ ሰማያዊ፣ ወፍራም የጉማሬ ግልገል። የሚናገረው እንግሊዝኛ ስለሆነ አይገባንም፤ ግን ሲያስነጥስ ኮፍያው ይበራል፣ ኮፍያውን ሲያሳድድ ይወድቃል፣ ወድቆም ራሱ ላይ ይስቃል። ሲስቅ ዓይኑ ሁለት መስመር ይሆናል። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ እሷ ከመደርደሪያው በላይ በሰቀለቻት ትንሽ ቴሌቪዥን ያየዋል። ታዲያ ሙባረክ ከመርካቶ የሞምቢን ጌም ይዞ የመጣ ቀን ሠርግ ነው የመሰለው። ሽፋኑን ስናይ ልክ እሱ። ኮፍያው እሱ፣ ጥርሱ እሱ፣ ሳቁ እሱ።

ከዚያ ሙባረክ ሲዲውን ከተተው።

ኧረ ጉድ ነው! ፊቱ የሞምቢ ነው፣ ግን ዓይኑ አይርገበገብም። ፍጥጥ ብሎ ያያችኋል። አፉ ሳይከፈት ይናገራል። ድምፁም የኛ ሞምቢ ድምፅ አይደለም፤ የሆነ ትልቅ ሰው፣ ያውም ጉንፋን የያዘው ትልቅ ሰው ነው። የሚለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ "ሃሎ"፣ "ኦ ኖ" እና "ሄልፕ ሚ"። ሲራመድ እግሩ መሬት አይነካም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሸራተታል። ከልጆቹ አንዱ "ጥላ የለውም፣ እዩ" አለ። እውነትም የለውም። 

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። ያኔ እኛ ዘንድ የአገር ውስጥ ዕቃ ሲበላሽ "ድሮስ!" ይባላል። የውጭ ዕቃ ሲበላሽ ግን "አያያዙን አላወቅንበትም" ነው የሚባለው። እናቴ የውጭ ምላጭ ቆርጧት ጥፋቱ የጣቷ ነው ትል ነበር። ስለዚህ "ይሄ ጌም በደንብ አልተሠራም" የሚል ሐሳብ የማናችንም ጭንቅላት ውስጥ አልገባም። እያልኳችሁ ነው፣ አንድም ልጅ አላለም! ዓይኑ የማይርገበገበው ምክንያት ስላለው ነው። ጥላ የሌለው ምክንያት ስላለው ነው። እንግሊዝኛ ብንችል ይገባን ነበር። የጎደለው ነገር ሁሉ ምስጢር መሰለን፣ ተቀምጠንም ምስጢሩን መፍታት ጀመርን።

ከሁሉ የባሰው ግን መጀመሪያው ላይ ነበር። ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ድርግም ይልና የሠራው ድርጅት ምልክት ይመጣል። ምልክቱ ሲመጣ አንድ ሕፃን የድርጅቱን ስም ይጠራል። የድርጅት ስም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሙሉው ረዘም ያለ ነው፣ እዚህ ላነሳው አልፈልግም። ያኔ ለኛ የሚደርሰን ጅራቱ ብቻ ነበር፤ ሲዲው መጀመሪያው ላይ ተጭሯል፣ ስፒከሩም ተቀዷል። ጥቁር ስክሪን፣ ዝምታ፣ ከዚያ የሕፃን ድምፅ፣ "…ኮቱ።"

ቡራዩ ላደገ ልጅ ይሄን ቃል ማንም አይተረጉምለትም። ኦሮምኛ ነው። "ና" ማለት ነው፣ "ነይ"ም ማለት ነው። እኛ ቤት ስልጥኛ ይነገራል፣ ሱቅ ውስጥ አማርኛ ነው፣ ደጅ ስንወጣ ግን "ኮቱ" ተብለን ነው ያደግነው። ለክረምት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የአጎቴ ልጅ ብቻ "የምን ኮት ነው? ኮቱ ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። እንዴት እንደሳቅንበት! "ኮት አይደለም አንተ ሞኝ፣ ና እያለህ ነው" አልነው። እሱም ወደ ስክሪኑ ዞሮ "ወዴት?" አለ።

ክረምት ነው፣ መብራት እንደልቡ ይሄዳል ይመጣል። የዚያ ማጫወቻ ማብሪያ ደግሞ ተነቅሎ ሙባረክ በሽቦ አስሮታል፤ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ይበተናሉ፣ ሙባረክም ሻይ ልጠጣ ብሎ ይወጣል። እኔ በብርድ ልብሱ ጥግ በምትገባው ብርሃን ሲዲ እያሸሁ እቀራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከዚያ ድንገት ቴሌቪዥኑ ጭል ይላል፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ያ ሕፃን "ኮቱ" ይላል። ስንቴ ጨርቄን ጥዬ ወደ እናቴ ሮጫለሁ! "ምን አየሽ?" ስትለኝ "ምንም" እላታለሁ። እውነቴን ነበር። ያየሁት ነገር የለም።

ጫልቱ የክፍል ጓደኛዬም ጎረቤቴም ነበረች። አባቷ ኦቦ ቶለሳ ካባ ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ካባ የምለው ድንጋይ እየተፈለጠ የሚወጣበትን ጉድጓድ ነው፤ የኛ ሰፈር ዙሪያውን እሱ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ ጉድጓዱን የሚደፍነው የለም፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክረምት የጫልቱ ታናሽ ወንድም ገመቹ ከነዚህ ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ስድስት ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሁላችን ቀድሞ የሚቀመጠው፣ ሞምቢ ሲያስነጥስ አብሮ የሚያስነጥሰው እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ቶለሳ ድንጋይ አልነኩም። ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ። ሚስታቸው ሱሉልታ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ እዚያው ቀረች። "አባ የገመቹን ልብስ አስሮ አልጋ ሥር ከቶታል" አለችኝ ጫልቱ አንድ ቀን። "ስሙን ስጠራ ምንም አይለኝም። ተነስቶ ይወጣል።" ስለዚህ እሷም መጥራት ተወች።

ክረምቱ ሲጋመስ አንድ ከሰዓት ጨው ልትገዛ መጣች። መብራት ጠፍቷል፣ ጌም ቤቱ ባዶ ነው፣ እኔ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከእናቴ ጋር አወራለሁ። ጫልቱ ጨውዋን ተቀብላ ልትሄድ ስትል መብራት መጣ። ከብርድ ልብሱ ጀርባ "ኮቱ" አለ።

ቀጥ ብላ ቀረች። "ማን ነው?" አለችኝ።

"ጌሙ ነው። የሞምቢ ጌም።"

"ኤኙ? ማን ነው አልኩሽ፣ ነጁ!" ነጃትን አሳጥራ ነጁ ነበር የምትለኝ።

ብርድ ልብሱን ገልጣ ገባች። ተከትያት ስገባ ጨውዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቷን ሰማያዊ አድርጎታል። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ቤት ገብቶ እንደሚናገረው ዝግ ብላ፣ "ዱፌራ" አለች። መጥቻለሁ ማለት ነው። እኔ የመሰለኝ ጫልቱ ከኛ ሁሉ ጎበዝ ሆና የጌሙን ቋንቋ ያገኘች ነው። ቀናሁባት፣ አይገርማችሁም?

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ጌሙ ውስጥ ሞምቢ አንድ መንደር ውስጥ እየዞረ ፊኛ ይለቅማል። በመንደሩ ዳር ኩሬ አለ፣ ኩሬው ጫፍ ላይ ደግሞ ሰማያዊ በር ያለው አንድ ቤት። ሌሎቹ ቤቶች በር የላቸውም። ሞምቢ ወደዚያ በር ሲጠጋ ይገፋዋል፣ ይገፋዋል፣ አይከፈትም፤ "ሄልፕ ሚ" ይላል አፉን ሳይከፍት። ጫልቱ ፊኛዎቹ በሙሉ ሲለቀሙ በሩ ይከፈታል አለች። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ሰልችቷቸው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። አንድ ፊኛ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ግን አይገኝም።

"ሲከፈት ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"አመጣዋለኋ።"

"ማንን?"

ጆይስቲኩን ሳትለቅ ዞር ብላ አየችኝ። "ያን ቀን ጠርቶኛል፣ ነጁ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ደጅ ላይ ቆሞ 'ኮቱ' አለኝ። እኔ 'ቆይ' አልኩት። እንደዚህ ነው የጠራኝ፣ ልክ እንደዚህ። እስካሁንም እየጠራኝ ነው።"

ይሄን ለማንም እንዳልናገር በአላህ አስማለችኝ። ማልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲዲውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠው ጀመር። ባላሸው ድምፁ ይዘጋል፣ ባሸው ይጠራል። የማደርገውን አጣሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ሞምቢን ወደ ኩሬው አስገባችው። ካርቱኑ ላይ ሞምቢ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ጉማሬ አይደል! ይዋኛል ብለን ጠበቅን። አልዋኘም። ውሃውን አልፎ ሰጠመ፣ ከውሃውም በታች መሬቱን አልፎ ሄደ። ከመሬቱ ሥር ባዶ ነው፣ ግራጫ። ሞምቢ እጆቹን ሳያንቀሳቅስ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ወደ ላይ ስናይ መንደሩ ከታች በኩል ይታያል። ቤቶቹ ወለል የላቸውም፣ ዛፎቹ ሥር የላቸውም፣ ኩሬው እንደ ወረቀት ከላያችን ተዘርግቷል። ያ ደስ የሚል ዘፈን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እላይ ቀጥሏል።

ጫልቱ ጆይስቲኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "ገመቹ እንዲህ ነው የሚያየን" አለች። "ከታች። የሁላችንንም እግር።"

ያን ዕለት ማታ እግሬን ከምንጣፉ ላይ አንስቼ፣ ወንበር ላይ ሰብስቤ ነው እራቴን የበላሁት።

ሰበታ ያን ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ኢምራንን "ሞምቢ የሚባል ጌም ታውቃለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለ፤ ግን የዘንድሮ ልጅ አይደል፣ ወዲያው ስልኩ ላይ አወጣው። አንድ ፈረንጅ ጌሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተጫወተ ይሳለቅበታል። ኢምራን እየተረጎመልኝ ይስቃል። ድርጅቱ እንዲህ ያለውን በላይ በላዩ ያወጣ ነበር አሉ። ልጆች የሚወዱትን የካርቱን ፊት በሕጋዊ መንገድ ይገዛል፣ ሽፋኑ ላይ ይለጥፈዋል፣ ውስጡን እንደነገሩ አድርጎ ይለቀዋል። ገዢው ልጅ ነው፣ ልጅ ምን ያውቃል! ፈረንጁ ሰማያዊውን በር ጠጋ አድርጎ አሳየ። በር አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ሠሪዎቹ ከበስተኋላው ክፍል አልሠሩለትም። የጎደለው ፊኛም ሰው ረስቶት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ከዚያ ሞምቢን ኩሬ ውስጥ ከተተውና መሬቱን አልፎ ሲወርድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኢምራንም ሳቀ።

"አጥፋው!" አልኩት። "አጥፋው ነው የምልህ!"

ልጁ ምን በደለ? ንዴቴ ጌሙን ከሠሩት ጋር ነው። አላህ ይይላቸው። ስንፍናቸውን አምጥተው የምንወደው ፊት ጀርባ ደበቁት። ግማሽ ሥራ ለትልቅ ሰው ብትሰጡት ይመልስላችኋል፣ ይሰድባችኋል፣ እንደዚያ ፈረንጅ ይስቅባችኋል። ልጅ ግን የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል፣ በእጁ ባለው ነገር። ጫልቱ በእጇ የነበረው ገመቹ ነው። በዚያች በተሳለች በር ላይ ስንት ቀን ግንባሯን ስታጋጭ እንደከረመች እነሱ የት ያውቃሉ!

ትምህርት ቤት ሊከፈት የተቃረበ ሰሞን ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ትንሽ ፀሐይ ወጥታለች። ጫልቱ "ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለችኝ። ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው ካባ ወሰደችኝ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ቡናማ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ደመናው ውስጡ ይታያል። የፕላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና "ያዢልኝ" አለችኝ። እኔ እግሯን ልትታጠብ መስሎኝ ተቀበልኳት።

"በሩ ከላይ አይከፈትም" አለች። "ብዙ አሰብኩበት። በላይ በኩል አይደለም የሚገባው። ሞምቢ በየት እንደገባ አይተሽ የለ?"

ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲያልፍ ነው የገባኝ። ጫማዋን ወርውሬ ቀሚሷን ጨበጥኩ። ጮህኩ፣ ጎተትኩ፣ ጭቃው አንሸራተተኝና በጀርባዬ ወደቅኩ፤ እሷም ላዬ ላይ ወደቀች። አልተቆጣችኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ጭቃውን ከፊቴ ላይ በእጇ ጠረገችልኝና "አንቺን ስላልጠራሽ ነው" አለችኝ። ከዚያ ተነስታ በባዶ እግሯ ወደ ጌም ቤት ሄደች።

መሐላዬን አፈረስኩት። ወደ እናቴ ሮጬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ካባውን፣ በሩን፣ "ኮቱ"ን። እናቴ "ያ አላህ!" አለችና ሱቁን ዘጋችው። በጠራራ ቀን ሱቋን ስትዘጋ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሂጂ አጠገቧ ሁኚ፣ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ" ብላኝ ወደ ወፍጮ ቤት ከነፈች።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፣ መብራትም ሄደ። ልጆቹ ወጡ። ጫልቱና እኔ ጨለማው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እሷ ስክሪኑን እያየች ትጠብቃለች። እኔ ክንዷን ይዤ በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እላለሁ። ድንገት ብርድ ልብሱ ተገለጠ። በሩ ላይ አንድ ነገር ቆሟል፣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ፤ ዓይኑ ብቻ ጥቁር። ቤቱ እስኪናወጥ ጮህኩ።

"ነጃት፣ እኔ ነኝ" አለ ነጩ ነገር።

ኦቦ ቶለሳ ነበሩ። ከወፍጮው ሥር ሳይታጠቡ ነው የመጡት፤ ዝናቡ ዱቄቱን ፊታቸው ላይ አቡክቶታል። እናቴ ከኋላቸው ቆማ ታለከልካለች። ይጮሃሉ፣ ይመቷታል ብዬ ነበር። ድምፃቸው ግን ቀስ ያለ ነው።

"ጫልቱ፣ ተነሺ። ቤት እንሂድ።"

"መብራት እስኪመጣ፣ አባ።"

"መብራት ሲመጣ ምን አለ?"

"ገመቹ" አለች።

ስሙ ሲጠራ ፊታቸው ተለወጠ። እንደነገረችኝ ዞሩ፣ ሊወጡ ብርድ ልብሱን ያዙ። በዚህ መሃል መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ጭል አለ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ያ ሕፃን "ኮቱ" አለ።

ኦቦ ቶለሳ ብርድ ልብሱን እንደያዙ ቀሩ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ዞረውም "ድገሚው" አሉኝ። ሶኬቱን ነቅዬ መለስኩት። "ኮቱ።" "ድገሚው።" "ኮቱ።" በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፣ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። "አንዴ ብቻ፣ ልጄ።" ደገምኩት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። እኔ እኮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ "እሱ ነው" እንዲሉ ጠብቄ ነበር።

"ኢሳ ሚቲ" አሉ። "እሱ አይደለም።"

"እሱ ነው!" ጫልቱ ጮኸች። "ያን ቀን ጠርቶኛል! 'ኮቱ' ሲለኝ 'ቆይ' አልኩት! እንደዚህ ነው ያለኝ፣ አባ፣ ልክ እንደዚህ!"

"ቆይ እኔም እለው ነበር" አሉ ኦቦ ቶለሳ። "በየቀኑ። ከሥራ ስመለስ ይጠራኛል፣ ቆይ እለዋለሁ።" ከዚያ "ግን ኮቱ ማለት አይችልም ነበር" አሉ። "ክም ጭም አይወጣለትም፣ ት ነው የሚያደርጋቸው። ምላሱ አይገራለትም ነበር፣ የኔ ልጅ። አንቺን ራስሽን ማን ብሎ ነበር የሚጠራሽ?"

ጫልቱ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ወደ ቴሌቪዥኑ አየች፣ ወደ አባቷ አየች፣ ደግማ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ኪሷ ውስጥ ፈልጎ እንዳጣ ሰው ሆነች።

"ረሳሁት" አለች። "አባ፣ ድምፁን ረሳሁት። እሱን ሳስብ ይሄኛው ነው የሚመጣብኝ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እንደዚያ ዓይነት ልቅሶ ከሕፃን ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ የገመቹ ልቅሶ ላይ እንኳ አላለቀሰችም ነበርና ዓመት የቆየው አንድ ላይ መጣ። ኦቦ ቶለሳ እጃቸውን ወደ ራሷ ላኩ፣ ዱቄት መሆኑን አይተው መልሰው ሰበሰቡት። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። ተነሱ። ብርድ ልብሱን ገልጠው ወደ ዝናቡ ወጡ፣ ትተዋት ሊሄዱ መሰለኝ። ደጁ ላይ ቆሙና ዞሩ። ያ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ትልቅ ሰው፣ ድምፁን ቀጭን አድርጎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣

"ታልቱ!" አለ። "ታልቱ፣ ቶቱ!"

ጫልቱ ልቅሶዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ቀና አለች። ቀስ ብላ ተነስታ እስከ በሩ ሄደች፣ እዚያ ቆማ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

"እንደሱ አይደለም፣ አባ" አለች። "እየጎተተ ነው የሚለው። ቶ… ቱ።"

"ቶ… ቱ" አሉ ኦቦ ቶለሳ።

"ትንሽ ከፍ አድርገው።"

"ቶ… ቱ!"

"አዎ" አለች። ወደ ዝናቡ ወጥታ እጃቸውን ያዘች። ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆኑ። በጭቃው መንገድ ወደ ታች ሲሄዱ እናቴና እኔ ደጃፉ ላይ ቆመን አየናቸው። ወፍጮ ቤቱ ጋ እስኪታጠፉ ድረስ፣ አንዴ እሳቸው፣ አንዴ እሷ፣ ቶቱ ሲባባሉ ይሰማን ነበር።